የድንገተኛ ክፍል ሲሙሌሽን

የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍልን የሕሙማን ፍሰት በኮምፒውተር አስመስሎ በመሥራት፣ የታሰበ የአሠራር ለውጥ በሰው ላይ ከመተግበሩ በፊት የሚፈተሽበት ዘዴ። መሠረቱ ዴንማርካዊው ኤርላንግ በ1909 እ.ኤ.አ. ለስልክ መስመሮች የጀመረው የወረፋ ሒሳብ ነው።

በድሬዳዋ ዘዴው ቢሞከር ተገቢው ቦታ ድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታል ነው። ከከተማው ነዋሪ ሌላ ከአጎራባች የሶማሌና የኦሮሚያ አካባቢዎች ሪፈር የተጻፈላቸውን ስለሚቀበል፣ በአንድ ሌሊት ስንት ሰው እንደሚመጣ መገመት ይከብዳል። ሞዴሉ የሚመገበው ሰዓት ነው፦ ሕመምተኛው በባጃጅም ሆነ በአምቡላንስ በር የደረሰበት፣ በትሪያጅ (በአጣዳፊነት ልየታ) ቀይ ወይም ቢጫ የተባለበት፣ ሐኪም ያየበት፣ የላቦራቶሪ ውጤት የመጣበት፣ አልጋ የለቀቀበት። ካርዱ ላይ ሰዓት ካልሰፈረ ኮምፒውተሩ የሚሰጠው ግምት ብቻ ነው።

ለምሳሌ በሰዓት 6 ሕሙማን ቢመጡና እያንዳንዳቸው በአማካይ 4 ሰዓት ቢቆዩ፣ በማንኛውም ጊዜ 24 ሰው ክፍሉ ውስጥ አለ። የላቦራቶሪው ሥራ ተፋጥኖ ቆይታው ወደ 3 ሰዓት ቢወርድ ቁጥሩ 18 ይሆናል፤ አንድ አልጋ እንኳ ሳይገዛ። ይህ ግን አማካይ ነው። ሲሙሌሽኑ የሚጠቅመው አማካዩ በሚሰበርበት፣ የመኪና አደጋ በአንዴ ብዙ ቁስለኛ ባመጣበት ሌሊት ነው።

መጨናነቁ ብዙ ጊዜ የሚመነጨው ተኝቶ መታከሚያ አልጋ ከመጥፋቱ ስለሆነ፣ ዋርዱን ያላካተተ ሞዴል ጎዶሎ ነው።