የሁለት ሺህ ዓመት እንቁጣጣሽ በካርቲየ 2

የኮሚቴው አባላት ለዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት «ስለ ድሮ በዓላችን አንድ ነገር ጻፍ» ሲሉኝ፣ እኔ ባለ ሱቅ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም ብዬ ነበር። ትምህርቴም ድሬዳዋ 12ኛ ክፍል ላይ ነው ያበቃው። ሆኖም በካርቲየ 2 ከሠላሳ ዓመት በላይ የዱቤ መዝገብ ስይዝ ስለኖርኩ፣ ማን በየትኛው በዓል ምን እንደገዛ፣ ማንስ ሳይገዛ እንዳለፈ አውቃለሁ።

እኛ እዚህ አገር የመጣነው በባቡር ነው ቢባል ስሕተት የለውም። የሐዲዱ ሥራ ከጅቡቲ የተጀመረው በ1897 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ ደግሞ በ1917 እ.ኤ.አ. ደረሰ። ከባቡሩ ጋር ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ እንጀራ ጋጋሪዋ ወረዱ። ዛሬ በጅቡቲ የነጻነት ቀን፣ በ27 ጁን 1977 የሚጠራው አደባባይ ቀድሞ የምኒልክ አደባባይ ይባል እንደነበር ልጆቻችን ቢያውቁት መልካም ነው። ከዚያ በአብዮቱ ጊዜ በስደት የመጡ አሉ። ደርግ በወደቀ ማግስት የመጣን አለን፤ እኔ በ1984 ዓ.ም. ነው የገባሁት። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣና የአሰብ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ዕቃው ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ሾፌሩና ትራንዚተሩም ተከትሎት መጣ።

በዓሉም ቢሆን የሚመጣው በባቡር ነበር። ጅቡቲ ቄጠማ አታበቅልም፣ አደይ አበባም የላትም። አገር ቤት ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ቢጫ በሚሆንበት በመስከረም፣ እዚህ ሙቀቱ ገና አልበረደም፤ መብራት በጠፋ ቁጥር የጣውላና የቆርቆሮ ቤታችን ምድጃ ይሆናል። ገና ይሻላል፣ አየሩ ለስለስ ይላል። ከድሬዳዋ የሚወርዱት ሴት ነጋዴዎች ቅቤውን፣ በርበሬውን፣ እግሩ የታሰረ ዶሮውን፣ በረጠበ ጆንያ የተጠቀለለውን ቄጠማ ይዘው ጣቢያ ሲደርሱ ያኔ በዓል ሆነ እንላለን። ልጅ ሲታመም ደግሞ ያው ባቡር ወደ ላይ ይወስደው ነበር። ሙቀት የጠናበት ሕፃን ድሬዳዋ ወይም ሐረር ዘመድ ጋ ተልኮ ሲያገግም ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

የእኔ ልጅ ግን ሕመሟ የሙቀት አልነበረም።

የሁለት ሺህ ዓመት በዓል የዋለው መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ 12 ሴፕቴምበር 2007። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሐምሌ ላይ ቶንሲል ያዛት፣ ለቀቃት። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበቷ አበጠ፤ እሱ ሲሻላት ክርኗ ተነሣባት። እኔ «ስታድግ ነው» አልኩ። እናቷ በቅቤ አሸቻት። አንድ ክሊኒክ ሁለት ጊዜ የትኩሳት ሽሮፕ ሰጥቶ መለሰን። በነሐሴ ማለቂያ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሿ ሲቆራረጥ ፔልቲየ ሆስፒታል ወሰድናት፤ እዚያ ሐኪሙ ልቧን አዳምጦ ብዙ ዝም አለ። ሩማቲክ የሚሉት ነው። ጉሮሮ ውስጥ የገባውን ተሕዋስ ሊዋጋ የተነሣ የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራስን መገጣጠሚያና የልብን በሮች ይመታል። ቶንሲሉ በጊዜው በፔኒሲሊን ቢታከም ኖሮ ባልመጣ ነበር። ይህን የምጽፈው ልጅ ያላችሁ ወላጆች ቶንሲልን እንዳትንቁ ነው።

ማኅበራችን በዚያ ሳምንት ድንኳን ተክሎ፣ በግ ገዝቶ፣ ልጃገረዶችን አበባየሆሽ ያለማምድ ነበር። ከበሮ መቺዋ የእኔ ልጅ ነበረች። በዋዜማው የኮሚቴው ሽማግሌ ወደ ሱቄ መጥተው፣ «ልጄ፣ ድንኳኑን እናንሣው እንዴ? ያንተ ልጅ እንዲህ ሆና እንዴት እንጨፍራለን?» አሉኝ። እኔ «አይ ጋሼ፣ አይነሣም» አልኩ። ባለቤቴ ከጓሮ ሰምታ፣ «እኔ ቤት ግን አንዲት ቄጠማ አትጎዘጎዝም፣ ቡናም አይፈላም!» አለች። እስከ እኩለ ሌሊት ተነታረክን። እውነቱን ለመናገር ሱቄን የከፈትኩት ለበዓሉ ፍቅር ብቻ አልነበረም። የበዓል ገበያ የዓመት ገበያ ነው፤ ሐኪሙም አዲስ አበባ ብትታይ ይሻላል ስላለ የትኬት ገንዘብ ያስፈልገኝ ነበር። እሷ ያን ጊዜ ይህን አልሰማችኝም።

ባቡሩ በዚያ ሳምንት ዘገየ። ጫት ግን መቼም አይዘገይም፣ ቄጠማውም በጫት መኪና መጣ!

ዕለቱ ረቡዕ ስለነበር ጾም ነው፤ ዶሮውን ወደ ሐሙስ አሳለፍነው። ከሰዓት በኋላ ልጃገረዶቹ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ሆስፒታሉ በር ላይ ተሰለፉ። ዘበኛው ሦስቱን ብቻ አስገባ። ጮክ ማለት ስለማይቻል በሹክሹክታ ዘፈኑላት፤ እሷም የአልጋውን ብረት በሁለት ጣቷ እየመታች ተቀበለቻቸው። በቀለም የተሣለ አበባ ሰጥተዋት ወጡ። በማግስቱ ረመዳን ገባ። ጎረቤታችን ሐጃ ባለቤቴ ትንሽ እንድትተኛ ብለው ልጄ አጠገብ አደሩ፣ አፍጥራቸውንም እዚያው በሳምቡሳና በውኃ ያዙ። ዶሮው ያለ ጨው ተሠርቶ ሄደ፣ ጨው ተከልክላለችና። ልጅቷ ቀምሳ ፊቷን አዞረች። የጎን አልጋው የአፋር ልጅ እናት ወስደው ለልጃቸው አጎረሱት።

ድንኳኑ ውስጥ መዋጮ ተሰበሰበ። ዱቤ ያለባቸው ሰዎች ሳይቀሩ ሰጡ፤ ዱቤያቸውን ሳይከፍሉ ለልጄ ሰጡ፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም። በጥቅምት እናቷ ይዛት አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ገባች። በዚያን ጊዜ በዶክተር በላይ አበጋዝ አነሣሽነት የተቋቋመው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ልጆችን ለቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ ይልክ ነበር፤ በጥቁር አንበሳ ግቢ ማዕከሉ የተከፈተው በ2001 ነው። የእኔ ልጅ አንዱ የልብ በሯ ተጎድቷል፣ ግን ለቀዶ ሕክምና አልደረሰም ተባለ። በየ28 ቀኑ የፔኒሲሊን መርፌ ታዘዘላት። ከዚያ ወዲህ በቤታችን በዓል የሚቆጠረው ከመርፌው ጋር ነበር፦ ገና ከመርፌው በአራተኛው ቀን፣ ፋሲካ በዋዜማው እያልን። መርፌው ደግሞ ያማል፤ ፋሲካን እያነከሰች የተቀበለችበት ዓመት አለ።

ዛሬ ድሬዳዋ በሥራ ላይ ናት። የድሮው ባቡር ቆሟል፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ናጋድ ሆኗል።

ይህን ለመጻፍ ብዬ የ2000 ዓ.ም. የዱቤ መዝገቤን አወጣሁ። በመስከረም 1 ገጽ፣ ከእኔ ጽሑፍ በታች፣ በባለቤቴ እጅ የተጻፈ አንድ መስመር አገኘሁ፤ እስከ ዛሬ አላየሁትም ነበር። «ቄጠማ አንድ እስር፣ ለሆስፒታል» ይላል። ዋጋው አልተጻፈም።