የሰቲት ቋንጃ ቆራጮች

ኡም ጋርጉር የሚለውን ስም አብዛኛው አንባቢ የሚያውቀው ከስደት ጋር አያይዞ ነው። በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍ ግዛት የሚገኘው ይህ ሰፈር ከ1970ዎቹ ጀምሮ ድንበር ተሻግረው የመጡ ስደተኞችን፣ በተለይም ኤርትራውያንን አስጠልሏል። የገዳሪፍ ምድር ዛሬ ዓይን እስኪደክም የተዘረጋ የማሽላና የሰሊጥ እርሻ ነው። ከመቶ ስድሳ ዓመት በፊት ግን ከዚህ አገር አንስቶ እስከ ሰቲት ዳር ያለው ምድር የዝሆን፣ የአውራሪስና የቀጭኔ መንጋ የሚውልበት ነበር። እንስሳቱንም የሚያድኑ፣ ስማቸው ጎንደር ድረስ የተሰማ ባለሙያዎች ነበሩት።

ሰቲት እንግዳ ወንዝ አይደለም፤ የእኛው ተከዜ ነው። ሑመራ አካባቢ ከደረሰ በኋላ ሰቲት ተብሎ ሱዳን ይገባና ከአትባራ ጋር ይቀላቀላል። አትባራም ቢሆን ላዩ ጓንግ ነው። ሁለቱ ወንዞች በሚያቅፉት ቆላ ሐምራን የሚባሉ ዐረቦች ይኖሩ ነበር። ከመካከላቸው ዝሆንን በሰይፍ ብቻ የሚጥሉት «አጋጊር» ይባላሉ። ስሙ የእንስሳን የእግር ጅማት መቁረጥን ከሚያመለክት የዐረብኛ ግስ የወጣ ሲሆን በአማርኛ ብንተረጉመው ቋንጃ ቆራጮች ማለት ነው።

ስለ እነዚህ ሰዎች ለአውሮፓ አንባቢ ቀድሞ የጻፈው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ በ1771 መጨረሻ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከጎንደር ወጥቶ በቆላው በኩል ወደ ስናር ሲጓዝ ጨርቂን ላይ ሰነበተ። አስተናጋጁ የእቴጌ ምንትዋብ የልጅ ልጅ፣ የወይዘሮ አስቴር ልጅ ክንፉ ነበር። መኳንንቱ ዝሆን ሊያድኑ ሲወጡ ብሩስም አብሯቸው ወጣ፤ አደኑን የሚመሩት ግን አጋጊሮቹ ነበሩ።

ያየው ይህን ነው። በአንድ ፈረስ ላይ ሁለት ሰው ይቀመጣል፤ ሁለቱም እርቃናቸውን ናቸው፤ ልብስ ከቁጥቋጦ ጋር ተያይዞ እንዳያስቀራቸው። የፊተኛው ልጓምና አጭር በትር ብቻ ይይዛል። የኋለኛው ደግሞ ረጅም ሰይፍ አለው፤ የሰይፉ ስለት ከእጀታው በላይ አንድ ክንድ ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ በገመድ የተጠመጠመ ስለሆነ ብረቱንም ራሱን መጨበጥ ይቻላል። ጋላቢው ዝሆኑ ፊት ቀርቦ ይፎክራል፤ የራሱን ስም፣ የፈረሱን ስም፣ ያንተን አባት እዚህ ቦታ፣ አያትህን እዚያ ቦታ የገደልሁ እኔ ነኝ እያለ። ለአማርኛ አንባቢ ይህ ማብራሪያ አያሻውም። ብሩስ ግን ዝሆን ሰደቡኝ ብሎ የሚቆጣ የሚመስላቸው ሰዎች እንዳሉ አድርጎ በመደነቅ ነው የጻፈው። ዝሆኑ ተናዶ ሲያሳድደው ጋላቢው ፈረሱን ደጋግሞ ያዞረዋል፤ በመካከሉም በዝሆኑ ጎን ታክኮ ሲያልፍ የኋለኛው ሰው ከፈረሱ ዱብ ብሎ ከተረከዙ በላይ ያለውን ጅማት በአንድ ምት ይቆርጣል። ጋላቢው ተመልሶ ጓደኛውን ያፈናጥጣል።

ከዚያ ቀን የቀረ ሌላ ነገርም አለ፤ ከሰይፉ ትርዒት ይልቅ የሚከብድ። በመጨረሻ ጫካው ውስጥ የቀሩት አንዲት እናት ዝሆንና ግልገሏ ነበሩ። አጋጊሮቹ ሊተዋቸው ፈለጉ። የሴቷ ጥርስ ትንሽ ነው፤ ግልገሉም ምንም አይጠቅምም። አብረዋቸው የነበሩት ግን እምቢ አሉ። እናቲቱ ቋንጃዋ ተቆርጦ ሁሉም በየተራው ጦር ሲወረውርባት፣ ማንም ልብ ሳይለው አምልጦ የነበረው ግልገል ከጥሻው ወጥቶ ሰዉንና ፈረሱን ያጠቃ ጀመር። ብሩስ እናቲቱን ተዉአት ብሎ ጮኸ፤ ጊዜው ግን አልፎ ነበር። ግልገሉ ከመኳንንቱ አንዱን እግሩ ላይ ሲጎዳው በጦር ተወግቶ እናቱ ፊት ወደቀ። ብሩስ እኔ አልመታሁትም ብሎ እፎይታውን ጽፏል።

በዚያ ሰዓት ትክክል የነበሩት አጋጊሮቹ ናቸው። በዚያ አደን ምን እንደሚገደልና ምን እንደሚተው ለይተው የሚያውቁት እነሱ ነበሩ፤ የእንግዶቹ ማዕረግ ግን ከእነሱ ዕውቀት በለጠ።

ዘጠና ዓመት ያህል አለፈና ሌላ እንግዳ መጣ። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር የዓባይን ምንጭ ፍለጋ በኋላ ባልተቤቱ ከሆነችው ከፍሎረንስ ጋር በ1861 ከሰላ ደረሰ። የዚያን ዓመት ክረምት አትባራ ዳር ሶፊ በምትባል መንደር አሳለፈ፤ ዐረብኛም ተማረ። በጊዜው ጎንደርን የሚገዙት የቋራው ልጅ አፄ ቴዎድሮስ ነበሩ። ዝናቡ ሲያበቃ ቤከር ከሐምራን አዳኞች ጋር ወደ ሰቲት ወረደ። ጠመንጃ የለመደና በአደን የሚኮራ ሰው ቢሆንም በሰይፈኞቹ ፊት ተማሪ መሆኑን በመጽሐፉ አልደበቀም፤ ከፈረሶቹ አንዱንም አጋር ብሎ ሰይሞታል።

የሰይፋቸውን ነገር በዝርዝር ያወቅነው ከእሱ ነው። ስለቱ ከጀርመኗ ከዞሊንገን የመጣ፣ በሁለቱም ጎን የሚቆርጥ ቀጥ ያለ ብረት ነው። ሰገባው በቆዳ የተለበጠ ለስላሳ እንጨት ነው፤ የብረት ሰገባ ስለቱን ስለሚያበላሸው ማንም አይቀበለውም። በየዕለቱ ይስሉታል፤ ከዚያም በጋሻቸው ቆዳ ላይ ያፋትጉታል። ተስሏል የሚባለው የክንድን ጠጉር እንደ ምላጭ ሲላጭ ነው።

በቤከር ዘመን እያንዳንዱ ሰው በየራሱ ፈረስ ነበር። የታወቀው ቡድን ሸሪፍ የሚባሉት ወንድማማቾች ሲሆኑ ታላቁ ጣሂር፣ ተከታዩ ሮዱር ነው። የጣሂር ሰይፍ ዝናው የወጣ ነበር። ሮዱር ግን ትንሽ፣ ቀጭን፣ ዝሆን ባደረሰበት አደጋ ግራ ክንዱ የሰለለ ሰው ነበር። ሰይፍን በሁለት እጁ መጨበጥ አይችልም። በሌላ ቦታ እንዲህ ያለው ሰው ከፈረስ ወርዶ ስንቅ ጠባቂ ይደረግ ነበር። በሐምራን ዘንድ ግን ከሁሉ የሚከብደው ቦታ ተሰጠው፤ ከዝሆኑ ፊት መጋለብ።

ይህ ቦታ ለምን እንደሚከብድ ቤከር በደንብ ገብቶታል። የፊተኛው ጋላቢ ከራቀ ዝሆኑ ተስፋ ቆርጦ ወደ ኋላ ይዞርና ሰይፈኞቹን ያገኛቸዋል። ከቀረበ ኩምቢው ይደርስበታል። ስለዚህ ዝሆኑ «አሁን ያዝሁት» እያለ እስከ መጨረሻው እንዲከተለው በዚያች ጠባብ ርቀት ውስጥ መቆየት አለበት፤ መሬቱ ጉድጓድና እሾህ ሆኖ፣ ባዝራው አንዴ ብትደናቀፍ ነገሩ አብቅቶ። ሰይፈኛው ከኋላ በግልቢያ ደርሶ መሬት ዱብ ብሎ እስኪመታ ድረስ የሁሉም ነፍስ በዚያ ሰው ላይ ተንጠልጥላለች። ሮዱር ይህን ያደርግ የነበረው ያንን ክንዱን ያሰለለውን እንስሳ ደጋግሞ ፊት ለፊት እያየ ነው።

ፈረስ መግዛት የማይችሉ ድሆች ደግሞ በእግራቸው ያድኑ ነበር፤ ሁለት ሆነው አንዱ ከፊት ሲያታልል ሌላው ከኋላ ተጠግቶ ይመታል። ወጥመድም ነበር። እንስሳ በሚሄድበት መንገድ ጉድጓድ ይቆፈርና ሹል እንጨቶቹ ወደ መሃል የሚገናኙ፣ የጋሪ ጎማ የሚመስል ክብ አፉ ላይ ይጋደማል፤ በላዩ የጠፍር ማነቂያ፣ የማነቂያው ጫፍ ከግንድ ጋር ታስሮ ይቀበራል። የገባው እግር ሹሉን አልፎ መውጣት ያቅተዋል። ግንዱ እንስሳውን አያቆመውም፤ ያደክመዋል፣ የጎተተበትን ፋናም ለአዳኙ ይተውለታል።

ወንዙ ውስጥ ሌላ ሹም አለ። አቡ ዶ የተባለው ሽማግሌ ሰባ ዓመት ገደማ ሆኖት ጉማሬ በጭሬ ጦር ይወጋ ነበር። የጦሩ ብረት ሲሰካ ከዘንጉ ይላቀቃል፤ ከብረቱ ጋር የታሰረው ገመድ ጫፉ ላይ የሕፃን ራስ የሚያህል ቀላል እንጨት አለው። ጉማሬው ቢሰጥም እንጨቱ ከውኃው በላይ ተንሳፍፎ የት እንዳለ ይናገራል። አዞ በሞላበት ሰቲት ውስጥ ከወጣቶቹ ቀድሞ የሚገባው እሱ ነበር። ቤከር ሽማግሌውን ከሮማውያን የባሕር አምላክ ጋር አመሳስሎታል፤ ምናልባት ያለ ማጋነን የጻፈው ዓረፍተ ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም።

የሚታደነው ሁሉ ገበያ ነበረው። የዝሆን ጥርሱ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ የአውራሪስና የቀጭኔ ቆዳ ጋሻ ይሆናል፤ የጉማሬው ቆዳ እየተተለተለ አለንጋ ይሠራበታል። ሶፊ የሰፈረው ጀርመናዊ ግንበኛ ፍሎሪያን ሙያውን ትቶ አዳኝ በመሆን የሚኖረው ከዚሁ ከጉማሬ አለንጋ በሚያገኘው ገቢ ነበር። በኋላ አንበሳ ገደለው።

በዚያው ዘመን የገበያው ፍላጎት ተለወጠ። የአውሮፓ ከተሞች የእንስሳት ማሳያ እየከፈቱ ነበር፤ የሚፈልጉትም ሕያው እንስሳ ነው። ሎሬንሶ ካሳኖቫ የተባለ ጣሊያናዊ ነጋዴ ከሰላን መነሻው አድርጎ ከሐምራኖች እንስሳ ይገዛ ጀመር። ትልቅ ዝሆን በረሃ አቋርጦ አይነዳም። ስለዚህ በብሩስ ጊዜ «ምንም አይጠቅምም» የተባለው ግልገል ዋናው ሸቀጥ ሆነ፤ እናቲቱ ደግሞ ልጇን ለመውሰድ ብቻ የምትገደል ሆነች። ሰይፉ ያው ነው፣ እጁም ያው ነው። የተለወጠው የሚተወውና የሚገደለው ነው።

ግልገሎቹ ከከሰላ እስከ ስዋኪን ወደብ በበረሃ ለሳምንታት ይጓዛሉ። ከቅፍለቱ ጋር የፍየል መንጋ ይነዳል፤ ወተቱ ለግልገሎቹ፣ ሥጋው ለአንበሶቹ። ብዙዎቹ መንገድ ላይ ይሞታሉ። በ1870 የሃምቡርጉ የእንስሳት ነጋዴ ካርል ሃገንቤክ ስዊዝ ድረስ ሄዶ ከካሳኖቫ ቅፍለት ሲረከብ ጣሊያናዊው በሞት አፋፍ ላይ ነበር። ሃገንቤክ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ከዚሁ ከምሥራቅ ሱዳን ሰዎችንም ከነግመሎቻቸውና ከነድንኳኖቻቸው ወስዶ በአውሮፓ የእንስሳት ማሳያዎች ውስጥ ለተመልካች አቅርቧል። የአደን መምህራን የነበሩ ሰዎች በትኬት የሚታዩ መሆናቸው የዚህ ታሪክ ክፉ ገጽ ነው፤ ያለ ሐዘን የሚነበብም አይደለም።

ከሰቲት ከወጡት ግልገሎች አንዱን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። የጃምቦን ሕይወት የመረመሩ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ይህ ዝሆን በ1862 ገደማ በዚህ ድንበር አካባቢ እናቱ ተገድላ የተማረከ ሲሆን ማራኪው የቤከር ወዳጅ ጣሂር ሸሪፍ ነው። በካሳኖቫ እጅ ወደ አውሮፓ ተሻገረ። ከፓሪስ በ1865 ወደ ለንደን ተወሰደ፤ የእንግሊዝ ልጆች ለዐሥራ ሰባት ዓመት ጀርባው ላይ ተፈናጠጡ። በ1882 አሜሪካዊው የሰርከስ ባለቤት ባርነም ገዝቶ ሲወስደው ለንደን አለቀሰች። በመስከረም 1885 ካናዳ ውስጥ ባቡር ገጭቶ ገደለው። አፅሙ ኒው ዮርክ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይገኛል። ቆዳው ተሞልቶ በማሳቹሴትስ ተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ቆሞ ሲኖር በ1975 በእሳት ቃጠሎ ወደመ። ስሙ በእንግሊዝኛ «ግዙፍ» ማለት ሆኖ እስከ ዛሬ በዕቃ መጠቅለያ ላይ ሁሉ ይጻፋል። ጣሂርን ግን የሰቲት ልጆች እንኳ ብዙዎቹ አያውቁትም።

ጃምቦ በሞተበት በዚያው ዓመት ከሰላ በማህዲስቶች እጅ ወደቀች፤ የእንስሳት ንግዱም ተዘጋ። አራት ዓመት ቆይቶ አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ፤ ቆላው ሁሉ የጦር ሜዳ ሆነ። ቀጥሎ ጠመንጃው በዛ፤ ከጠመንጃው በኋላ ደግሞ ትራክተሩ መጣ። በ1940ዎቹ አጋማሽ በገዳሪፍ በመኪና የሚታረስ ሰፊ እርሻ ሲጀመር ጥሻው ተመነጠረ፤ ከዚያ ወዲህ አውሬው ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ገፋ። በ1935 የተከለለው ዲንደር ፓርክና በኢትዮጵያ በኩል አጠገቡ ያለው አላጥሽ ከተረፉት መጠለያዎች ውስጥ ናቸው። በ2017 ደግሞ የላይኛው አትባራና የሰቲት ግድቦች ተመርቀው ቤከርና ሐምራኖቹ ያደኑበትን የወንዝ መልክ ቀየሩት።

ዝሆኖቹ ግን ከናካቴው አልጠፉም። በቃፍታ ሽራሮና በኤርትራ ጋሽ መካከል ጥቂት መንጋ አሁንም አለ። ድንበሩን አያውቁትም፤ በበጋ ወደ ተከዜ ወርደው ውኃ ይጠጣሉ፣ ግልገሎቻቸውን በመካከላቸው አድርገው።