«ሁለት ዓመት ሳያቋርጥ»፦ የውጭ አገር መምህራን በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ

በግንቦት ወር 1924 የዩናይትድ ስቴትስ ኮንግረስ ወደ አገሪቱ የሚገባውን ሰው በትውልድ አገሩ እየለየ በኮታ የሚወስን ሕግ አወጣ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለየአገሩ የተመደበው ቁጥር በ1890 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ መሠረት፣ በዚያ አገር ተወልደው በአሜሪካ ይኖሩ ከነበሩት ሰዎች ከመቶ ሁለት እጅ ብቻ ነበረ። ለኢትዮጵያ የደረሳት በዓመት 100 ሰው ሲሆን፣ ይህም ሕጉ ለአንድ አገር ከሚፈቅደው ሁሉ ዝቅተኛው ነው። ይሁን እንጂ የሕጉ አራተኛ አንቀጽ ከኮታው ውጭ የሚገቡ ጥቂት ሰዎችን ለይቶ አስቀምጦ ነበር። የሃይማኖት አገልጋዮች፣ እንዲሁም የኮሌጅ፣ የአካዳሚ፣ የሴሚናሪና የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮች ከእነዚህ ውስጥ ነበሩ። በዚህ አንቀጽ የገባ ፕሮፌሰር ከሚስቱና 18 ዓመት ካልሞላቸው ያላገቡ ልጆቹ ጋር በዘላቂነት ለመኖር መብት ነበረው።

መምህሩን ከሌላው ሠራተኛ ለይቶ ማየት ከዚያ በፊትም የተለመደ ነበረ። በ1885 የወጣው ሕግ ከውጭ አገር ሠራተኛን በውል ማስመጣት ሲከለክል፣ በ1891 የተደረገው ማሻሻያ የኮሌጅና የሴሚናሪ ፕሮፌሰሮች በክልከላው እንዳይነኩ አደረገ። የ1921ዱ የመጀመሪያ የኮታ ሕግም እነርሱን ኮታው ከሞላ በኋላ እንኳ ያስገባ ነበር። የ1924ቱ ሕግ በዚህ ላይ አንድ ቅድመ ሁኔታ ጨመረ፤ ይኸውም አመልካቹ ቪዛ ከመጠየቁ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት ሳያቋርጥ በማስተማር ሥራ ላይ የቆየ መሆን አለበት የሚል ነው። በፕሮፌሰርነት ስም ሌላ ሰው ሾልኮ እንዳይገባ የተደረገ ጥንቃቄ መሆኑን መገመት አያዳግትም። በዚያን ጊዜም ማንንም የሚጎዳ አይመስልም ነበር።

ጉዳቱ የታየው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 1933 በጀርመን የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ አይሁዳውያንንና በፖለቲካ የተጠረጠሩትን ከመንግሥት ሥራ አስወገደ። የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች የመንግሥት ስለ ሆኑ በየከተማው ፕሮፌሰሮች ከመንበራቸው ተነሡ። እንግዲህ በ1933 የተባረረና በ1936 ወደ አሜሪካ ቆንሲል የቀረበ ሊቅ ያለፉትን ሁለት ዓመታት በማስተማር አሳልፏል ለማለት አስቸጋሪ ሆነ። ለስደት የዳረገው ነገር ራሱ ከኮታ ውጭ ለመግባት የሚያበቃውን አገልግሎት አቋረጠበት። የሕጉን ቃል በየቦታው የሚተረጉመው ቆንሲሉ ስለ ነበረ፣ የአመልካቹ ዕድልም እንደ ቆንሲሉ ይለያይ ነበር።

በዚያው በ1933 የተፈናቀሉ የውጭ አገር ሊቃውንትን ለመርዳት በኒው ዮርክ አንድ ኮሚቴ ተቋቋመ። ጸሐፊው ስቴፈን ደገን ሲሆን፣ ረዳት ጸሐፊው ኋላ በራዲዮ ጋዜጠኝነት ስመ ጥር የሆነው ኤድዋርድ መሮ ነበር። ኮሚቴው ገንዘቡን የሚከፍለው ለሊቁ ሳይሆን ለሚቀጥረው ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ምክንያቱም ያለ ቅጥር ደብዳቤ ቪዛ የሚታሰብ አልነበረም። እርዳታ ከጠየቁት ከ6,000 የሚበልጡ ሰዎች ውስጥ ኮሚቴው ሊረዳ የቻለው 335 ያህሉን ነው።

የአልበርት አይንስታይን ጉዳይ ከዚህ የተለየ ቢሆንም የሥርዓቱን ጠባይ ያሳያል። በ1933 ወደ ፕሪንስተን የመጣው ለጊዜው ለመቆየት በሚያስችል ቪዛ ነበርና፣ በዘላቂነት ለመኖር ሲወስን እዚያው ሆኖ ማመልከት አልቻለም። ስለሆነም በግንቦት 1935 ከቤተሰቡ ጋር በመርከብ ወደ ቤርሙዳ ሄዶ፣ በዚያ ካለው የአሜሪካ ቆንስላ ቪዛ ጠይቆ እንደገና ገባ። ለአይንስታይን ይህ የጥቂት ቀን ሽርሽር ነው፤ ስሙ ያልታወቀ አንድ ረዳት መምህር ግን እንዲህ ወጥቶ ለመመለሱ ምን ዋስትና ነበረው?

ከሁሉ የከፋው በኦሃዮ ክፍለ ግዛት፣ በሲንሲናቲ ከተማ የሚገኘው የዕብራውያን ዩኒየን ኮሌጅ ያጋጠመው ነው። የኮሌጁ ፕሬዚደንት ጁልየን ሞርገንስተርን በጀርመን የነበሩ የአይሁድ ጥናት ሊቃውንትን በመምህርነት ጋበዘ። ከእነዚህ አንዱ አርተር ሽፓኒየር፣ በፕሩሲያ መንግሥት ቤተ መጻሕፍት የዕብራይስጥ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረና ከዚያ ከተባረረ በኋላ በበርሊን የአይሁድ ጥናት ከፍተኛ ትምህርት ቤት ያስተማረ ሰው ነው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሁለት እንቅፋት አነሣበት። ሽፓኒየር በዋናው ሙያው የቤተ መጻሕፍት ሰው እንጂ ፕሮፌሰር አይደለም ተባለ። ያስተማረበት ትምህርት ቤትም ከዩኒቨርሲቲ ጋር የሚስተካከል ስላልሆነ፣ ከዝቅተኛ ተቋም ወደ ከፍተኛ ተቋም የሚሸጋገር መምህር በአንቀጹ ሊጠቀም አይችልም ተባለ። የትምህርት ቤቱን ስም በ1934 ከ«ከፍተኛ ትምህርት ቤት» ወደ ተራ «ማስተማሪያ ተቋም» ያወረዱት ናዚዎቹ ራሳቸው ነበሩ። የዋሽንግተን ሹማምንት ይህን የናዚዎች ማዕረግ ቅነሳ እንደ ሕጋዊ ማስረጃ ተቀበሉት። ሽፓኒየር ወደ ሆላንድ ሸሸ፤ ጀርመኖች በ1940 ሆላንድን ከያዙ በኋላ ተይዞ በበርገን ቤልሰን የእስረኞች ሰፈር ሞተ።

በዚያው ኮሌጅ ግብዣ በመጋቢት 1940 ኒው ዮርክ የደረሰው አብርሃም ኢያሱ ሄሸል ግን ተረፈ። በ1965 በአላባማ ከሴልማ በተነሣው ሰልፍ ከማርቲን ሉተር ኪንግ ጋር በፊተኛው መስመር ሲሄድ የታየው እርሱ ነው።

በዚያው ዓመት ኮንግረስ የትውልድ አገር ኮታን ሻረ። ከዚያ አስቀድሞ በ1952፣ ፕሬዚደንት ትሩማን ቢቃወሙትም የጸናው ሕግ ፕሮፌሰሮችን ከኮታ ነጻ ከሆኑት ዝርዝር አውጥቶ፣ ልዩ ችሎታ ላላቸው ሠራተኞች በተሰጠው የቅድሚያ ተራ ውስጥ አስገብቷቸው ነበር። የሃይማኖት አገልጋዮቹ መብት አልተነካም። ይኸው ሕግ ኤች-1 የተባለውን ጊዜያዊ የሥራ ቪዛ ፈጠረ፤ ነገር ግን ሠራተኛው ብቻ ሳይሆን የሥራው መደብም ጊዜያዊ እንዲሆን ስለሚጠይቅ፣ እስከ 1970 ድረስ ቋሚ የማስተማር መደብ ለሚይዝ መምህር አልተመቸም። ከ1965 ወዲህ ደግሞ ቀጣሪው ለሥራው የሚበቃ አሜሪካዊ አለመገኘቱን በሠራተኛ ሚኒስቴር ማስመስከር ነበረበት። ዩኒቨርሲቲዎች ዝቅተኛውን መመዘኛ የሚያሟላ ሳይሆን የተሻለውን መምህር እንፈልጋለን ብለው ስለ ተከራከሩ፣ በ1976 ሕጉ ተሻሽሎ ለመምህራን ውድድሩ «እኩል ብቃት» ካለው አሜሪካዊ ጋር ብቻ ሆነ።

የ1990ው ሕግ ኤች-1ቢን በዓመት በ65,000 ወሰነ፤ ባለቪዛውም በመደበኛው እስከ ስድስት ዓመት እንዲቆይ ፈቀደ። በጥናታቸው ለታወቁ ፕሮፌሰሮችና ተመራማሪዎች ከሠራተኛ ሚኒስቴር ምስክርነት ነጻ የሆነ የቋሚ መኖሪያ መንገድም ከፈተ። በ2000 ዩኒቨርሲቲዎች ከቁጥር ገደቡ ነጻ ሆኑ። በመስከረም 2025 የወጣው የፕሬዚደንት ዐዋጅ ግን ከአገር ውጭ ላሉ አዲስ አመልካቾች 100,000 ዶላር እንዲከፈል ሲያዝ ዩኒቨርሲቲዎችን ለይቶ አላስቀረም።

ቪዛውን የሚጠይቀው ቀጣሪው በመሆኑ፣ ሥራው የተቋረጠበት መምህር ሌላ ቀጣሪ እንዲፈልግ የሚሰጠው ጊዜ በ2017 በጸናው ደንብ ቢበዛ 60 ቀን ነው። የ1976ቱ ማሻሻያም በሥራ ላይ ያለ ሲሆን፣ የሚጠቅመው ክፍል ገብቶ ለሚያስተምር ሰው ነው። በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የተቀጠረ፣ ነገር ግን የማያስተምር የውጭ አገር ሊቅ ለቋሚ መኖሪያው በዚህ መንገድ ሲያመለክት የሚመዘነው እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ነው።