የኦፒዮይድ ካሣና የካውንቲው በጀት

በዩናይትድ ስቴትስ የኦፒዮይድ መድኃኒት አምራቾች፣ አከፋፋዮችና ፋርማሲዎች ለቀረበባቸው ክስ መቋጫ ለመክፈል የተስማሙት ገንዘብ በድምሩ ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ገንዘቡ በምን ላይ እንደሚውል የሚወስኑት ግን ሐኪሞች አይደሉም። በብዙ ግዛቶች ውሳኔው የወደቀው የንብረት ግብር በሚጥሉ፣ የትምህርት ቤት ሕንፃ በሚያሠሩና ለእስር ቤት በጀት በሚመድቡ የካውንቲ ሹማምንት እጅ ነው። ካውንቲ ከግዛቱ በታች ያለ የአካባቢ አስተዳደር ሲሆን፣ በእኛ አገር አነጋገር በወረዳና በዞን መካከል ያለ እርከን ነው ቢባል ከእውነቱ ብዙ አይርቅም።

የነገሩ መነሻ 1996 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት ፐርዱ ፋርማ የተባለው ኩባንያ ኦክሲኮንቲንን ለገበያ አቀረበ፤ ሱስ የማስያዝ ዕድሉ አነስተኛ ነው እያለም ሐኪሞችን አግባባ። በ2007 ኩባንያውና ሦስት ኃላፊዎቹ መድኃኒቱን በአሳሳች መንገድ በማስተዋወቅ የቀረበባቸውን ክስ አምነው ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማሙ። ሽያጩ ግን አልቆመም። የማዘዣ ወረቀቱን የጻፈው የእኛው ሙያ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። ከጊዜ በኋላ የኪኒኑን ቦታ ሄሮይን፣ የሄሮይንን ቦታ ደግሞ በሕገ ወጥ መንገድ የሚመረተው ፈንታኒል ያዘ፤ በ2021 ብቻ ከ80,000 በላይ ሰዎች በኦፒዮይድ ሳቢያ ሞቱ።

ክሱ ሲጀመር የጠበቆቹም የሹማምንቱም ሐሳብ ወደ ትምባሆ ስምምነት መመለሱ አልቀረም። በ1998 አራት ታላላቅ የትምባሆ ኩባንያዎች ለ46 ግዛቶች በ25 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ 206 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተው ነበር። ውሉ ግን ግዛቶቹ ገንዘቡን ለጤና እንዲያውሉት አላስገደደም። አብዛኛው የበጀት ጉድለት መድፈኛ ሆነ። ትምባሆ አብቃይ በሆነችው በሰሜን ካሮላይና ከፊሉ ለትምባሆ ገበሬዎችና በትምባሆ ለሚተዳደሩ አካባቢዎች ኢኮኖሚ መደገፊያ ዋለ።

በ2017 መጨረሻ የካውንቲዎችና የከተሞች ክስ በኦሃዮ ፌዴራል ፍርድ ቤት በዳኛ ዳን ፖልስተር ፊት ሲሰበሰብ ይህ ትዝታ ትኩስ ነበር። በ2021 ሦስት አከፋፋዮችና ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን 26 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ሲስማሙ፣ ቢያንስ 85 በመቶው የኦፒዮይድን ጉዳት ለመጠገን እንዲውል በውሉ ተጻፈ።

ሰሜን ካሮላይና ካለፈው የተማረች ይመስላል። ከገንዘቡ 85 በመቶው ለካውንቲዎችና ለከተሞች ሲሰጥ፣ 100ውም ካውንቲዎች ስምምነቱን ፈርመዋል። ገንዘቡ በተለየ ሂሳብ ይቀመጣል። የኮሚሽነሮች ቦርድ አንድ ዶላር እንኳ ከማውጣቱ በፊት የትኛውን ተግባር፣ በስንት ገንዘብና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚደግፍ በግልጽ ውሳኔ ማሳለፍ አለበት። ተግባሩን ከ12 የተመረጡ ሥራዎች ዝርዝር ቢመርጥ መንገዱ አጭር ነው፤ ከእነዚህም መካከል በመድኃኒት የሚሰጥ የሱስ ሕክምና፣ ናሎክሶን ማደል፣ ንጹሕ መርፌ ማቅረብና የማገገሚያ መኖሪያ ይገኛሉ። ከሰፊው ዝርዝር መምረጥ ከፈለገ ግን አስቀድሞ ከባለድርሻ አካላት ጋር የዕቅድ ጥናት ማካሄድ ይጠበቅበታል። በየዓመቱም ለሕዝብ ክፍት የሆነ ስብሰባ ይጠራል።

ከ12ቱ ሥራዎች መካከል ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ለታሳሪዎች የሚሰጠው የሱስ ሕክምና ነው። ሱሰኛው ታስሮ ኦፒዮይዱ ሲቋረጥበት ሰውነቱ የለመደውን መጠን የመቋቋም አቅሙን ያጣል፤ ተፈትቶ የቀድሞውን መጠን ሲወስድ ትንፋሹ ይቆማል። በ2007 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከዋሽንግተን ግዛት ማረሚያ ቤቶች የተፈቱ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከመጠን በላይ በተወሰደ ዕፅ የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ነዋሪ 129 እጥፍ ነበር። ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን ይህን ሞት እንደሚቀንሱ ይታወቃል። ይሁን እንጂ ሜዲኬድ የተባለው የመንግሥት የጤና መድን በ1965 ከተቋቋመበት ሕግ ጀምሮ፣ ሆስፒታል ተኝተው ከሚታከሙት በቀር፣ ለታሳሪ ሕክምና በጥቅሉ አይከፍልም፤ በቅርብ ዓመታት ለአንዳንድ ግዛቶች የተፈቀደው ልዩ ሁኔታ ነው። ስለዚህ የካውንቲ እስር ቤት ለሚሰጠው ሕክምና የሚከፍለው ራሱ ካውንቲው ነው። የካሣው ገንዘብ በትክክል የሚሞላው ክፍተት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከቦርዱ ፊት ግን ሌሎችም ጠያቂዎች ይቆማሉ። ሸሪፉ መኪና፣ የአምቡላንስ አገልግሎቱ መሣሪያ ይፈልጋል፤ ግብር ከፋዩም የግብር ጭማሪ እንዳይመጣበት ይሻል። ከሁሉ የረቀቀው ፈተና ቀድሞ ከመደበኛ በጀት ይከፈል የነበረውን ወጪ ወደ ካሣው ሂሳብ ማዛወር ነው፤ በወረቀት ላይ ሁሉም ነገር ደንቡን የጠበቀ ሆኖ ሳለ ለበሽተኛው አንድም አዲስ ነገር አይጨመርለትም። ኬኤፍኤፍ ሄልዝ ኒውስ በ2023 እንደዘገበው፣ በቴነሲ የሚገኘው ግሪን ካውንቲ ከደረሰው ገንዘብ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለዕዳው መክፈያ አውሎታል። በብሔራዊው ስምምነት ከ85 በመቶው ውጭ ያለው ክፍል ልል ሆኖ የተተወ በመሆኑ እንዲህ ያለው ውሳኔ የግድ ሕገ ወጥ አይደለም።

የአከፋፋዮቹ ክፍያ ለ18 ዓመታት የሚዘልቅ ሲሆን፣ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ግን ድርሻውን ቀድሞ ስለሚያጠናቅቅ ገንዘቡ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በርከት ብሎ ኋላ ይመነምናል። ዛሬ ለእስር ቤቱ ነርስ የሚቀጥር ቦርድ፣ ገንዘቡ ሲያልቅ ደመወዟን ከየት እንደሚከፍል ከአሁኑ በውሳኔው ላይ ማስፈር ይኖርበታል፤ ብዙዎቹ ይህን መስመር ባዶ ለመተው ይፈተናሉ።