ሞተር ሳይክል በዋግ ኽምራ መንገዶች፦ አደጋውና ጥንቃቄው

በሰቆጣና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ሞተር ሳይክል የቅንጦት ዕቃ አይደለም። መኪና በማይደርስበት ቀበሌ ክትባት የሚያደርሰው የጤና ባለሙያ፣ የግብርና ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ አንዳንዴም ምጥ የያዛት እናት ሳይቀሩ የሚጓዙት በእሱ ነው። ስለዚህ «አትንዱ፣ አትሳፈሩ» የሚል ምክር ለዚህ አካባቢ አይሠራም። የሚሠራው አደጋው ከየት እንደሚመጣ አውቆ አስቀድሞ መጠንቀቅ ነው።

እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ። ከእነዚህ ውስጥ ከአምስት አንድ ያህሉ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት እግር ሞተር ላይ የነበሩ ናቸው። ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ደግሞ የመንገድ አደጋ ቀዳሚው የሞት ምክንያት ነው።

የዋግ መንገድ ምን የተለየ ነገር አለው?

ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚወርድ ሰው አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወርዳል። ወደ አምደወርቅ፣ ወደ ዝቋላ ወይም ወደ አበርገሌ የሚሄድም ዳገት፣ ቁልቁለት፣ ጠጠርና ጥምዝምዝ መንገድ ይጠብቀዋል። ከብት፣ ፍየልና የጭነት አህያም መንገዱን ይጋራሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የሕክምናው ርቀት ነው። ከገጠር ቀበሌ ሰቆጣ ሆስፒታል ለመድረስ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። ለከባድ የራስ ቅል ጉዳት ወደ ትልቅ ሆስፒታል መላክ ቢያስፈልግ፣ የክልሉ ዋና ከተማ ባሕር ዳር በመንገድ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በሰሜኑ ጦርነት የዞኑ የጤና ተቋማትና አምቡላንሶች ጉዳት እንደደረሰባቸውም ይታወቃል። በትልቅ ከተማ በሕክምና ሊተርፍ የሚችል ጉዳተኛ እዚህ መንገድ ላይ ሊያልፍ ይችላል። ለዋግ ሰው የመጀመሪያው ሕክምና ከቤት ሳይወጣ የሚያደርገው ጥንቃቄ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

ፍጥነትና ቁልቁለት

ቀላል ስሌት እንሥራ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሞተር በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ይሄዳል። አሽከርካሪው ፍየሏን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ ቢያንስ አንድ ሰከንድ ያልፋል። 11 ሜትሩ ፍሬን ሳይነካ አለቀ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የመቆሚያ ርቀትም ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል፤ በ30 የሚያስፈልገው ርቀት በ60 አራት ጊዜ ይረዝማል። በጠጠር ላይ ደግሞ ይብሳል።

በቁልቁለት ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ፎሌ አድርጎ መልቀቅ አደገኛ ልማድ ነው። ሞተሩ ራሱ የሚይዘው ኃይል ስለሚጠፋ ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬን ደግሞ ሲግል ይደክማል። ዳገቱን በወጣችሁበት ዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ። ፍጥነት የሚቀነሰው ጥምዙ ውስጥ ሳይሆን ከመግባት በፊት ነው። በጠጠር ላይ የፊት ፍሬንን ብቻ በድንገት መያዝ ጎማውን አንሸራትቶ ይጥላል፤ ሁለቱን ፍሬኖች አንድ ላይ፣ ቀስ እያሉ መያዝ ይሻላል።

ሄልሜት

በትክክል የታሰረ ሄልሜት በአደጋ ጊዜ የመሞትን ዕድል ወደ 40 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን ደግሞ ወደ 70 በመቶ እንደሚቀንስ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ አሳይቷል። ማሰሪያው ካልታሰረ ግን ገና ከመሬት ሳይደርሱ ከራስ ላይ ይወልቃል። የግንባታ ሠራተኞች ቆብ ሄልሜትን አይተካም። አንድ ጊዜ ክፉኛ የተመታ ሄልሜትም ከላይ ደህና ቢመስል ከውስጥ ስለሚሰነጠቅ መለወጥ አለበት። ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ጭንቅላት ከአሽከርካሪው ጭንቅላት አይጠነክርም፤ ለእሱም ሄልሜት ያስፈልገዋል።

«ቀደር ከሆነ ሄልሜት ምን ያደርጋል?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። በቀደር ማመን ሰበብ ማድረስን አያስቀርም። በሽታ ሲይዘን መድኃኒት እንወስዳለን፤ ዝናብ ሲመጣ እህላችንን እናስገባለን። ሄልሜትም እንዲሁ ነው፤ ተወኩል የሚመጣው ሰበቡ ከደረሰ በኋላ ነው።

ከኋላ የሚቀመጥ ሰውና ልብሱ

ብዙ የማይነገርለት አደጋ የልብስ ነው። ጂልባብ፣ አባያ፣ ነጠላ፣ ጋቢ ወይም ረጅም ሽርጥ በኋላ ጎማው ሽቦዎች ወይም በሰንሰለቱ ሲጠለፍ ለባሹን በአንድ ቅጽበት ጎትቶ ይጥላል፤ አንገት ላይ የተጠመጠመ ከሆነ ደግሞ ያንቃል። ሴቶች ሳሪ ለብሰው በሚሳፈሩባት ሕንድ የኋላ ጎማውን ቢያንስ ግማሹን የሚሸፍን መከላከያ በሕግ ግዴታ ነው። ሞተራችሁ ላይ እንዲህ ያለ መከላከያ ካለ አታውልቁት፤ ከሌለ ብየዳ ቤት ማሠራት ይቻላል።

እህቶች ከመሳፈራችሁ በፊት የልብሱን ጫፍ ሰብስባችሁ ከሥራችሁ አድርጉ፤ የሻርፑን ጫፍም ወደ ውስጥ አስገቡ። ከውስጥ ሰፊ ሱሪ ለብሶ እግርን ግራና ቀኝ አድርጎ መቀመጥ በጎን ከመቀመጥ እጅግ ይሻላል። በጎን የተቀመጠ ሰው ሚዛን ያዛባል፤ ጉድጓድ ሲያጋጥምም የሚይዘው ነገር የለውም። ሕፃን አዝሎ ወይም በመሐል አስቀምጦ መጓዝ ደግሞ፣ ሌላ አማራጭ እስካለ ድረስ፣ መደረግ የለበትም።

ተሳፋሪ ሥልጣን እንዳለውም አይርሳ። «ቀስ በል» ማለት፣ ሦስተኛ ሰው ሲጨመር መውረድ፣ ጫት ቅሞ ሌሊቱን ሳይተኛ ካደረ ወይም ከጠጣ ሰው ጋር አለመሳፈር መብቱ ነው።

የሚያሰጉ ሰዓቶች

ከመግሪብ ጥቂት ቀደም ብሎ ያለው ጊዜ ሦስት ነገሮችን ያገናኛል፤ ፀሐይ ዓይን ትወጋለች፣ ከብቶች ከግጦሽ ይመለሳሉ፣ ሰውም ቤቱ ለመድረስ ይቸኩላል። በረመዳን ድካምና የውኃ ጥም ይጨመሩበታል። ለኢፍጣር ለመድረስ ከመብረር ተምርና ውኃ በኪስ ይዞ መውጣትና መንገድ ላይ ማፍጠር ይሻላል።

በሐምሌና ነሐሴ ጭጋግ፣ ጭቃና ደራሽ ውኃ አለ። የወንዙ ውኃ ከደፈረሰና ወለሉ ካልታየ አትሻገሩ፤ ብዙ ጊዜ ከላይ ዘንቦ የመጣ ውኃ ትንሽ ሲጠብቁት ይጎድላል።

አደጋ ከደረሰ

• በመጀመሪያ ሌላ መኪና እንዳይመጣባችሁ ከጥምዙ በፊት ሰው አቁሙ፤ የሞተሩን ቁልፍ አጥፉ።
• ለጤና ጣቢያው፣ ለፖሊስ 991 ወይም ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ።
• የሚፈስ ደም ካለ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑ፤ ጨርቁ ቢርስ ሌላ ደርቡበት እንጂ አታንሱት።
• ተጎጂው የሚተነፍስ ከሆነ ሄልሜቱን አታውልቁ። አንገቱ ተሰብሮ ሊሆን ስለሚችል ጎትታችሁ አታንሱት፤ ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥም አታስገድዱት።
• ውኃም ሆነ ምግብ አትስጡት፤ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል።
• መኪና ከሌለ በሌላ ሞተር ጀርባ ከመጫን በቃሬዛ፣ ራሱና አንገቱ እንዳይወዛወዝ ደግፋችሁ፣ ተሸክሞ መውሰድ ይመረጣል።
• ያስመለሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለው፣ ንግግሩ የተምታታ ወይም ከጆሮውና ከአፍንጫው ፈሳሽ የሚወርድ ሰው «ደህና ነኝ» ቢልም ሐኪም ሳያየው ቤቱ አይግባ። የራስ ጉዳትና አጥንቱ ወደ ውጭ የወጣ ስብራት ወደ ወጌሻ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ነው የሚወሰደው።

ሕጉ

መንጃ ፈቃድ ለሞተር ሳይክልም ግዴታ ነው። በሕጉ መሠረት ባለ ሞተር ተሽከርካሪ ያለ ሦስተኛ ወገን መድን በመንገድ ላይ ሊነዳ አይችልም። ገጪው ሳይታወቅ ለሸሸበት ወይም መድን ለሌለው ተሽከርካሪ ተጎጂ ካሳ የሚከፍል የመድን ፈንድም አለ። ስለዚህ ጉዳዩ በሽምግልና ቢያልቅ እንኳ የፖሊስ ሪፖርትና የሐኪም ማስረጃ መያዝ ይገባል፤ ያለ እነዚህ ካሳ መጠየቅ አስቸጋሪ ነው።

ከመነሳት በፊት

ሁለቱም ፍሬኖች ይይዛሉ? ጎማው ጥርስና በቂ ነፋስ አለው? ሰንሰለቱ ልል አይደለም? መብራት፣ ፍሬቻና ክላክስ ይሠራሉ? ጭነቱ ታስሯል? የሁለቱም ሄልሜት ተቆልፏል? የሚሳፈረው ሰው ልብሱን ሰብስቧል? ይህን ሁሉ ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የመንገዱን ዱዓ አድርጉ፣ ወዴት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትደርሱ ለቤተሰብ ተናገሩ፤ ከዘገያችሁ የሚፈልጋችሁ ሰው ይኑር። አላህ በሰላም አውጥቶ በሰላም ያግባን።