ጥይትን ዳግም የመሙያ ግብዓቶች ግዢ

ጥይትን ዳግም መሙላት ማለት አንድ ጊዜ የተተኮሰን የጥይት ቀለሃ አጽድቶና ቅርጹን አስተካክሎ በአዲስ ፕራይመር፣ ባሩድና አረር እንደገና ለተኩስ ማዘጋጀት ነው። በአሜሪካ ይህን ሥራ በብዛት የሚሠሩት የዒላማ ተኳሾችና አዳኞች ሲሆኑ፣ ምክንያታቸው ወጪ ለመቀነስ ወይም ለራሳቸው ጠመንጃ በትክክል የሚስማማ ጥይት ለማግኘት ነው። ግብዓቶቹ በሁለት መንገድ ይገዛሉ፤ በአካባቢ ካለ ሱቅ ወይም በኢንተርኔት። የትኛው እንደሚያዋጣ የሚወስነው የዕቃው ዓይነት፣ የማጓጓዣ ደንብና የገበያው ሁኔታ ነው።

ግብዓቶቹ

አንድ ጥይት አራት ክፍሎች አሉት። ቀለሃው ብዙውን ጊዜ ከናስ የሚሠራ ሲሆን ሌሎቹን ክፍሎች አቅፎ ይይዛል። ፕራይመር በቀለሃው ግርጌ የሚገባ ትንሽ ቆብ ነው፤ ሲመታ ይፈነዳና ባሩዱን ይለኩሳል። ባሩዱ ተቃጥሎ የሚፈጥረው ጋዝ አረሩን በአፈሙዙ ይገፋዋል። ከአራቱ ተመልሶ ሥራ ላይ የሚውለው ቀለሃው ብቻ ነው። ብዙውን ጊዜ ከሁሉም ውዱ እርሱ ስለሆነ፣ የዳግም ሙሌት ቁጠባ በዋናነት የሚገኘው ከዚህ ነው።

ባሩድ በአሜሪካ የሚሸጠው በፓውንድ ነው፤ የተለመዱት መያዣዎች ባለ 1 እና ባለ 8 ፓውንድ ናቸው። ለእያንዳንዱ ጥይት የሚገባው መጠን ግን በግሬን ይለካል፤ 1 ፓውንድ 7000 ግሬን ነው። ስለዚህ ለምሳሌ 5 ግሬን የሚወስድ የሽጉጥ ጥይት ከሆነ ከ1 ፓውንድ 1400 ይወጣል፤ 45 ግሬን የሚወስድ የጠመንጃ ጥይት ከሆነ ግን 155 ብቻ። ፕራይመር 100 በሚይዝ ትሪ ተደርድሮ፣ በብዛት ሲሆን በ1000 ይሸጣል።

ማተሚያ መሣሪያ፣ ሚዛንና መለኪያ አንድ ጊዜ ተገዝተው ለዓመታት የሚያገለግሉ ስለሆኑ ከየትም ቢገዙ ልዩነቱ ትንሽ ነው።

የማጓጓዣ ደንብ

በሁለቱ ገበያዎች መካከል ትልቁን ልዩነት የሚፈጥረው ይህ ነው። ባዶ ቀለሃና አረር የማይፈነዱ ብረቶች በመሆናቸው እንደ ማንኛውም ዕቃ በፖስታ ይላካሉ። ባሩድና ፕራይመር ግን አደገኛ ዕቃ ተብለው ስለተመደቡ የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት አይቀበላቸውም፤ በግል አጓጓዦች በየብስ ብቻ ይሄዳሉ፤ ለዚህም የአደገኛ ዕቃ ክፍያ የሚባል ተጨማሪ ገንዘብ ይጠየቃል። ብዙ ሻጮች ወደ አላስካና ሃዋይ ጨርሶ አይልኩም።

ክፍያው የሚታሰበው በጥቅሉ እንጂ በዕቃው ብዛት አይደለም። ክፍያው 25 ዶላር ነው ብንል፣ 1 ፓውንድ ባሩድ ብቻ ያዘዘ ሰው በዚያች አንዲት ፓውንድ ላይ 25 ዶላር ይጨምራል፤ 8 ፓውንድ ያዘዘ ግን በእያንዳንዱ ላይ 3 ዶላር ገደማ ብቻ። በዚህ ምክንያት ተኳሾች ተሰባስበው በአንድ ሰው ስም ማዘዛቸው የተለመደ ነው። ጥቂት ለሚፈልግ ሰው በመደርደሪያ ላይ ዋጋው ከፍ ያለ የሚመስለው የሰፈር ሱቅ በመጨረሻው ሒሳብ ረክሶ ይገኛል።

የኢንተርኔት ግዢ ሌላም ጥቅም ነበረው፤ ከሌላ ግዛት የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሽያጭ ግብር አይከፍልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሳውዝ ዳኮታና በዌይፌር ክርክር ግዛቶች ከሌላ ግዛት ሻጮችም ግብር ማስሰብሰብ እንደሚችሉ ከወሰነ በኋላ ይህ ጥቅም በአብዛኛው ጠፍቷል።

በርቀት መግዛት ከኢንተርኔት ጋር የመጣ ነገር አይደለም። ዛሬ በካንሳስ የሚገኘው ሆጅደን የባሩድ ኩባንያ የተጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከመንግሥት የተረፈን ባሩድ ገዝቶ በደብዳቤ ትዕዛዝ በመሸጥ ነበር።

የአካባቢ ሱቅ

ሱቅ የሄደ ገዢ ዕቃውን በእጁ ይዞ ያያል። ባሩድ በምርት ዙር ቁጥር ይለያል፤ ከዙር ዙር አነስተኛ ልዩነት ስለሚኖር አንድ ዓይነት ቁጥር ያላቸውን መርጦ መግዛት ለትክክለኛነት ለሚጨነቅ ተኳሽ ትልቅ ነገር ነው። ጀማሪም ልምድ ያለው ሻጭ ያገኛል፤ ሆኖም የሻጩ ቃል አምራቹ ያሳተመውን የሙሌት መጽሐፍ አይተካም። ስማቸው የሚመሳሰል ባሩዶች አንድ አይደሉም፤ ኤች 4895 እና አይ ኤም አር 4895 ቁጥራቸው አንድ ቢሆንም የአንዱ መለኪያ ለሌላው አይሠራም። የሚፈለገው ጠፍቶ «ተመሳሳዩን» ይዞ ወደ ቤት መመለስ መሣሪያን እስከ ማፈንዳትና ሰውን እስከ ማቁሰል ሊያደርስ ይችላል። የተከፈተ ወይም መለያው የተላጠ ባሩድም በነጻ ቢሰጥ እንኳ አይወሰድም።

የሱቁ ድክመት ምርጫው ጠባብ መሆኑ ነው፤ ብዙም የማይፈለግ ዓይነት አረር ወይም ቀለሃ የሚፈልግ ሰው ወደ ኢንተርኔት መሄዱ አይቀርም። ያገለገለ ቀለሃ ግን ከተኩስ መለማመጃ ቦታ በኪሎ ሒሳብ ወይም በነጻ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

እጥረትና ማጭበርበር

ገበያው በፍርሃት በቀላሉ ይናወጣል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 በሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት ከደረሰው ግድያ በኋላ አዲስ የቁጥጥር ሕግ ይወጣል ተብሎ ስለተገመተ በ2013 ግብዓቶቹ ከመደርደሪያ ጠፉ። በ2020 እና 2021 በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ የታየው እጥረት ደግሞ በተለይ በፕራይመር ላይ የከፋ ነበር። የፕራይመር ፋብሪካዎች ጥቂት ናቸው፤ ከእነርሱ አንዱ የሬሚንግተን ሲሆን ድርጅቱ በ2020 የኪሳራ ጥበቃ ጠይቋል። ፋብሪካዎቹ ለራሳቸው የተሞላ ጥይትም ፕራይመር ስለሚያስፈልጋቸው፣ ፍላጎት ሲጨምር ለብቻው የሚሸጠው ፕራይመር መጀመሪያ ይጠፋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ አንዳንድ ሱቆች ለአንድ ሰው የሚሸጡትን መጠን ይገድባሉ፤ ደንበኛ የሆነ ሰው ዕቃ መግባቱን ቀድሞ ይሰማል።

እጥረት አጭበርባሪንም ይጋብዛል። የታወቁ ሻጮችን ስምና ምስል ገልብጠው የሚከፈቱ የሐሰት ሱቆች ገንዘብ ተቀብለው ይሰወራሉ። ምልክታቸው አይለወጥም፦ ሌላ ቦታ ሁሉ ያለቀው ዕቃ እነርሱ ዘንድ ሁሉም ዓይነት አለ፣ ዋጋው ከእጥረቱ በፊት ከነበረው ያንሳል፣ የአደገኛ ዕቃ ክፍያ አይጠይቁም፣ ክፍያውም በክሬዲት ካርድ ሳይሆን በቀጥታ ገንዘብ ማስተላለፊያ ወይም በክሪፕቶ ብቻ ነው። በእነዚህ መንገዶች የተላከ ገንዘብ ማስመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ሕግና ማከማቻ

በ1968 የወጣው የአሜሪካ የመሣሪያ ቁጥጥር ሕግ በጥይት ትርጉም ውስጥ ቀለሃን፣ ፕራይመርን፣ አረርንና ባሩድን ጭምር አስገብቷል። ለራሱ የሚሞላ ሰው የፌዴራል ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ሞልቶ ለመሸጥ የሚሠራ ግን ያስፈልገዋል። ግዛቶች ይለያያሉ፤ በማሳቹሴትስ ግብዓቶቹን ለመግዛትም የመሣሪያ ፈቃድ ይጠየቃል፣ በካሊፎርኒያ ከ2019 ጀምሮ የተደረገው የገዢ ማጣሪያ ግን የተሞላ ጥይትን የሚመለከት ነው።

በብዛት ማዘዝ ቢያዋጣም የማከማቻ ገደብ አለ። ብዙ አካባቢዎች የሚከተሉት የብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ደንብ በመኖሪያ ቤት ጭስ አልባ ባሩድ በመጀመሪያ መያዣው እስከ 20 ፓውንድ፣ ፕራይመር ደግሞ እስከ 10,000 ይፈቅዳል። ከ20 እስከ 50 ፓውንድ ከሆነ ባሩዱ ወፍራም ግድግዳ ባለው የእንጨት ሣጥን መቀመጥ አለበት።

በሌሎች አገሮች

በእንግሊዝ በ2006 የወጣ ሕግ ፕራይመር የሚገዛ ሰው የመሣሪያ ፈቃዱን እንዲያሳይ ያስገድዳል። በጀርመን ባሩድ ለመግዛት በፈንጂ ሕጉ መሠረት የተለየ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ጥይት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለገለበት ጊዜ ነበር፤ ዛሬ መሣሪያና ጥይት የሚተዳደሩት በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው።