የገበያ ቀን ምስል፦ ፎቶግራፍ በነገሌ ቦረናና በደቡብ ቆላ ከተሞች

ፎቶግራፍ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ቆላ የገባው በተለይ በሦስት በር ነው፤ በአሳሽ ጓዝ፣ በወራሪ ጦርና በድርቅ ዘገባ። በነዚህ በሮች የገቡት ካሜራዎች ያስቀሩልን ምስል ጥቂት አይደለም። ይሁን እንጂ ሳምንት ሳያልፍ የሚመላለሰው የገበያ ቀን፣ አርብቶ አደሩና አራሹ፣ ነጋዴውና ደላላው ፊት ለፊት የሚገናኙበት ዕለት፣ ከዚህ ክምችት የደረሰው ድርሻ አነስተኛ ነው። የአንድ ሕዝብ ታሪክ በጦርነቱና በረሀቡ ብቻ ሊጻፍ ከቶ አይችልም። ስለዚህም ሰው ሳይሰናዳ፣ በሥራው ላይ እንዳለ የሚነሣው የገበያ ፎቶግራፍ ከታሪክ ሰነዶች ተርታ ሊቆጠር ይገባዋል። ሰነዱ እንዴት እንደሚገኝና የማን እንደሆነ መመርመርም የኪነ ጥበብ ሰዎች ግዴታ ነው።

ቆሞ የሚጠብቅ ሰው

የፎቶግራፍ ጥበብ እ.ኤ.አ. በ1839 በፓሪስ ለዓለም ሲገለጽ ብርሃን ተቀባዩ ሰሌዳ እጅግ ዝግ ያለ ነበር፤ ተነሺው ሳይንቀሳቀስ ካልጠበቀ ምስሉ ይደበዝዛል። ተሰናድቶ መቆም ከመሣሪያው ድክመት የተወለደ ልማድ ነው ማለት ይቻላል። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ከመሐንዲሶቹ ጋር ፎቶግራፍ አንሺዎችን ይዞ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1905 አዲስ አበባ የገባው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ደግሞ የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ። መኳንንቱ ካባቸውን ደርበው፣ ጎራዴያቸውን ታጥቀው በፊቱ ቆሙ። መታየት በሚሹበት መልክ ታዩ።

የቆላው ሰው ግን ይህ ምርጫ አልነበረውም። በኅዳር 1888 ዓ.ም. ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ በጁባ ወንዝ ዳር ባለችው በሉግ ከተማ የንግድ ጣቢያ ሲመሠርት፣ ቀጥሎም በቦረና ምድር አልፎ ወደ ኦሞ ሲጓዝ፣ ከባልደረቦቹ አንዱ ካርሎ ቺቴርኒ ነበር፤ የጉዞው ማስታወሻና ፎቶግራፍ ለእርሱ የተሰጠ ሥራ ነው። ሉግ የቦረና ቅፍለት የዝሆን ጥርስና ቆዳ የሚያራግፍባት የገበያ ከተማ ነበረች። ካሜራው ወደ ገበያው የተጠጋው የንግዱን መስመር ለመያዝ ከሚሻ ኃይል ጋር ነው። ከዚያም በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1934 እና በ1935 አዶልፍ የንሰን የመራው የፍራንክፈርት የጥናት ቡድን ደቡብ ኢትዮጵያን ተዘዋውሮ አጠና። የዚህ ዓይነት ጉዞዎች ለታሪካችን ያተረፉት ዕውቀት አይናቅም። ሆኖም በዘመኑ ልማድ ተነሺው ሰው ከፊትና ከጎን እየታየ የነገዱ ናሙና ሆኖ ይቀርብ ነበር። የነገዱ ስም ይጻፋል፤ የሰውየው ስም ይቀራል።

የወራሪው መስኮት

ነገሌ በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ በይበልጥ የምትነሣው በሁለት ወቅት ነው። በጥር 1966 ዓ.ም. የጦር ሠራዊቱ አባላት ስለ ምግብና ስለ ውሃ ያነሡት ጥያቄ ለአብዮቱ ፍንዳታ ዋዜማ ሆነ። ከዚያ አስቀድሞ በጥር 1928 ዓ.ም. የግራዚያኒ ጦር የራስ ደስታ ዳምጠውን ሠራዊት በገናሌ ዶሪያ ገፍቶ ከተማይቱን ያዘ። የፋሺስቱ መንግሥት የፊልምና የፎቶግራፍ ድርጅት ሉቼ በወረራው ዘመን ለምሥራቅ አፍሪካ የተለየ ክፍል አቋቁሞ ነበር። ካሜራዎቹ ሰልፉንና ባንዲራውን እያሳዩ በዚያ ግንባር የተነዛውን የመርዝ ጋዝ ሸሸጉ። የጣሊያን መንግሥት በጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ታቅዶ የተነሣ ምስል የሚዋሸው ባሳየው ብቻ እንዳልሆነ፣ ከክፈፉ ውጭ ባስቀረውም እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

ከጉልት የተወሰደ ስም

እ.ኤ.አ. በ1925 ለገበያ የቀረበችው ላይካ የተባለችው አነስተኛ የጀርመን ካሜራ ባለ 35 ሚሊሜትር ፊልም ነበረች፤ በመዳፍ ትያዛለች፤ ሰውን «ቁም!» አትልም። ፈረንሳዊው ሄንሪ ካርቲየ ብሬሶን የዚህችን ካሜራ የሚያብረቀርቅ ክፍል በጥቁር እየሸፈነ በየአደባባዩ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1952 ላሳተመው መጽሐፍ የሰጠው የፈረንሳይኛ ርእስም ያለ ፈቃድ መንገድ ዳር ሸቀጡን ዘርግቶ ፖሊስ ሲመጣ ጠቅልሎ የሚሮጠውን ቸርቻሪ ያስታውሳል። አሜሪካዊው ዎከር ኤቫንስ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 1941 በኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ካሜራውን በካፖርቱ ሸሽጎ መንገደኞችን አነሣ፤ ምስሎቹን በመጽሐፍ ያወጣው ግን በ1966 ነው። ሰርቆ ማንሣት ባለቤቱንም ሳይከነክነው አልቀረም ያሰኛል።

ይህ የመደበቅ ብልሃት ሰውና ሰው ለማይተዋወቅበት ታላቅ ከተማ ይስማማ ይሆናል። ላሟ የማን እንደሆነች በሩቁ በሚታወቅበት በቆላው ገበያ ግን አይሠራም።

ጨርቁና ዋጋው

የነገሌ ገበያ የደጋና የቆላ መገናኛ ነው። ከአዶላና ከሻኪሶ በኩል ቡናና እህል ይወርዳል፤ ከሊበን ሜዳ ከብት፣ ፍየልና ግመል ይነዳል። በምዕራብ በኩል ዱብሉቅና ሐሮ ባኬ የታወቁ የቁም ከብት ገበያዎች ናቸው። ከኤል ሶድ ጉድጓድ ሐይቅ ሰዎች ጠልቀው የሚያወጡት ጨው በአህያ ተጭኖ ይደርሳል። ሴቶች ከዕፅዋት ሥር ተጎንጉኖ በተሠራና በጢስ በታጠነ ጮጮ ወተት ያቀርባሉ። በአጠገቡም ቢጫው የፕላስቲክ ጀሪካን ተቀምጧል። ለጌጥ የሚያነሣ ሰው ጀሪካኑን ገለል አድርጉልኝ ይላል፤ ለታሪክ የሚያነሣ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ይተዋል። የዘመን ለውጥ የሚነበበው ማንም ሳያሰናዳው በቀረው ዕቃ ላይ ነውና።

በሶማሌ የከብት ደላሎች ዘንድ የታወቀ አንድ ልማድ አለ። ዋጋ በአደባባይ አይጠራም፤ ተደራዳሪዎቹ በጨርቅ ሥር እጅ ለእጅ ተያይዘው በጣት ይነጋገራሉ። በዙሪያው የቆመ ሰው የጨርቁን እንቅስቃሴ ያያል እንጂ ዋጋውን አያውቅም። ይህን ቅጽበት የሚያነሣ ባለሙያ የሁለቱን ሰዎች ፊት፣ ውጥረታቸውንና የጨርቁን እጥፋት ይይዛል፤ ምሥጢሩ ግን ከባለቤቶቹ ጋር ይቀራል። ለገበያ ፎቶግራፍ ከዚህ የተሻለ መመሪያ አይገኝለትም።

አያሌ አርብቶ አደሮች የከብታቸውን ቁጥር ለእንግዳ መናገር አይወዱም፤ ዓይን ይፈራሉ። ካሜራም ዓይን ነው። ስለሆነም ባለ ካሜራው አስቀድሞ ሰላምታ መስጠት፣ መታወቅና መልመድ ይኖርበታል። በመጀመሪያው ገበያ ሕፃናት ይከቡታል፣ አዋቂው ፊቱን ያዞርበታል፤ ደጋግሞ ሲመላለስ ሰው ሁሉ ወደ ጉዳዩ ይመለሳል። ብርሃኑም ማለዳ ይሻላል፤ የቆላ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ በሻሽና በባርኔጣ ሥር ያለውን ፊት ታጠቁረዋለች። እንዲህ ያለው ያልተሰናዳ ምስል በመታመን የተገኘ ነው፤ በመደበቅ ከተገኘውም ይረዝማል፣ ይጠልቃልም።

የምስሉ ባለቤት

በከተማ ፎቶ ቤት ተነሺው አቋቋሙን ይመርጣል፣ ይከፍላል፣ ምስሉን ወስዶ ለዘመድ ይልካል። በገበያ መካከል የሚነሣው ሰው ግን ሦስቱንም ያጣል። ይህ ዕዳ ነው። የሚከፈለውም ምስሉን አሳትሞ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ለባለቤቱ በመመለስ፣ በፈቃዱም ስሙን፣ የገበያውን ስምና ዕለቱን፣ የዕቃውንም ዋጋ በጀርባው በመጻፍ ነው።

ዋጋው መጻፉ ለከንቱ አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ሲከሽፉ ከቦረና የወጣው ምስል በአመዛኙ የከብት ሬሳ ነበር። ሬሳው የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። ምጣኔ ሀብት አዋቂው አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ረሀብ በጻፈው ጥናት የኢትዮጵያን አርብቶ አደሮች ጉዳይ ሲመረምር እንዳሳየው፣ አርቢው የሚጎዳው ከብቱ በማለቁ ብቻ አይደለም፤ የቀረው ከብት የሚገዛው እህል እያነሰ በመሄዱም ጭምር ነው። ይህም አስቀድሞ የሚታየው በገበያ ነው። የከሳ ከብት ይበዛል፣ ገዢ ይሳሳል፣ እህል ይወደዳል፤ ሻጩ ከቀትር በኋላም በሬውን ይዞ ቆሟል። ያን ፊት በጊዜው ያነሣ ካሜራ ከሬሳው በፊት ይናገራል።

እንግዲህ በነገሌ፣ በያቤሎ፣ በሜጋና በሞያሌ ያሉ መምህራን፣ የባህል ሠራተኞችና ሠዓሊዎች በየትምህርት ቤቱና በየባህል ጽሕፈት ቤቱ የገበያ ቀን ፎቶግራፍ መዝገብ ቢከፍቱ ብዙ ወጪ አይጠይቃቸውም። የሚጠይቃቸው በየሳምንቱ መገኘትንና የተነሣውን ሰው ማክበርን ነው። አሳሹ ስሙን ሳይጽፍለት ያለፈው የቆላ ሰው በገዛ ገበያው፣ በገዛ ስሙ፣ ሥራውን እየሠራ በታሪክ መዝገብ ሊገባ ይገባዋል።